መጽሐፉን ዘግተህ ንገረኝ

ዶርም ውስጥ ስም የሚያወጣልህ አገርህ ነው። ከጎንደር የመጣው «ጎንደር»፣ ከሶዶ የመጣው «ሶዶ» ይባላል። እኛ ሦስታችን አገራችን ከአምስት ኪሎ በታክሲ የሚደረስበት ስለነበረ ተረቡ በዛብን። «እናንተ ደግሞ ምኑን ከአገር መጣችሁ! ከሰፈር ነው የመጣችሁት» ይሉናል። ስሙ ግን አልቀረልንም፤ እኔ ሰበታ፣ አንዱ ቡራዩ፣ ሌላው ሱሉልታ ተባልን።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው። ግቢው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ የምሕንድስና ኮሌጅ ተብሎ የተቋቋመው፣ በኋላ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነው። ሦስታችንም ሲቪል ምሕንድስና ገባን። ሦስታችንም ከየትምህርት ቤታችን አንደኛ ወጥተን ነው የመጣነው። ይህን ስል ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ እዚያ ግቢ ውስጥ አንደኛ ያልነበረ ሰው ፈልጎ ማግኘት ነው ከባዱ። የመጀመሪያው የአፕላይድ ማቲማቲክስ ቴስት ውጤት ሲለጠፍ ከእነዚያ ሁሉ አንደኞች ግማሹ ከመካከለኛ በታች መሆኑን አወቀ። የብዙ ልጅ ሕይወት የሚቀየረው በዚያች ወረቀት ፊት ነው። አንዳንዱ «እኔ ጭንቅላት የለኝም» ብሎ ደመደመ። አንዳንዱ «ሰዓት አነሰኝ» ብሎ እንቅልፉን ቀነሰ። እንዴት እንዳጠና ራሱን የጠየቀ ግን ጥቂት ነበር።

ሱሉልታን ያላየ ሰው ቸካይ አይቻለሁ እንዳይል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይነሣል። ከእንጦጦ ማዶ ያደገ ልጅ ስለሆነ የአምስት ኪሎ ብርድ ለእሱ ምንም አይደለም። ጋቢውን ተከናንቦ ማንበቢያ ክፍል ይወርዳል። ሀንድአውቱን መጀመሪያ በእርሳስ ያሰምርበታል፤ በሁለተኛው ዙር በቢጫ ሃይላይተር፣ በሦስተኛው በአረንጓዴ። ፈተና ሲደርስ ያልተቀለመ መስመር አይገኝም። ደብተሩን ደግሞ ከነሥዕሉ እንደገና ይገለብጠዋል፤ ጽሑፉ የታተመ ነው የሚመስለው። የሚድ ሰሞን የክፍሉ ልጆች ተራ ይዘው ፎቶ ኮፒ የሚያደርጉት የእሱን ደብተር ነበር። ውጤት ሲለጠፍ ታዲያ ኮፒ ያደረጉት ከባለ ደብተሩ በልጠው ይገኛሉ። ይህ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ዕድል ነው ባልን ነበር።

«አንብቤው ነበር እኮ!» ይላል ከፈተና ሲወጣ። «ገጹ ፊቴ ላይ ይታየኛል። ቀመሩ በቀኝ በኩል ከታች ነው ያለው። ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።»

ያንን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ በሽታው ሙሉ በሙሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። እኛ የመጣነው ከምርጫ ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አራት መልስ ደርድሮ አንዱን አክብብ ይልሃል፤ ለዚያ ደግሞ ያነበብከውን ስታየው መለየት ይበቃል። የስታቲክስ ፈተና ግን አንድ ምሰሶ፣ ሁለት ገመድና የተንጠለጠለ ክብደት ሥሎ ባዶ ወረቀት ይሰጥሃል። ፍሪ ቦዲ ዳያግራሙን የምታወጣው አንተ ነህ። የትኛውን አካል ነጥለህ እንደምታወጣ፣ ኃይሉ ወደየት እንደሚጎትት የሚነግርህ የለም። ሃይላይተር ደግሞ ይህን አያስተምርም።

ቡራዩ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። ግቢ ውስጥ አልጋ አለው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ሌሊት የሚያድረው ቤቱ ነው። እናቱ ታመው ነበር፤ ታናናሾቹን የሚያይ ሌላ ሰው አልነበረም። ማታ ከፒያሳ በጳውሎስ፣ በአስኮ አድርጎ ቡራዩ ይገባል፤ ጠዋት በዚያው ይመለሳል። ሚኒባስ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጠቅጥቆ መጽሐፍ አይገለጥም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ በቃሉ ይዞ ይሳፈራል። ሲወርድ ወይ ፈትቶታል፣ ወይ የት ላይ እንደተያዘ አውቋል።

ግቢ የሚደርሰው ከሌክቸር በፊት ነው። ባዶ ክፍል ገብቶ ጠመኔ ያነሣና ያንኑ ጥያቄ ከመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ ይሠራዋል። ሲጠፋው መጽሐፍ አይገልጥም፤ የጠፋበት መስመር ጥግ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ያልፈዋል። መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ከፍቶ የሚያየው ያቺን መስመር ብቻ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ያጠፋና እንደገና ይሠራዋል። እኛ ስንገባ የጃኬቱ እጅጌ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው የምናገኘው። ሰዓቱን ከደመርነው ከሦስታችን ያነሰ የሚያጠናው እሱ ነው። ውጤቱ ግን ከሁላችንም በላይ ነበር፤ በተከታታይ።

ሃይድሮሊክስ ስንማር አንድ ቀን የግድብ ጉዳይ ተነሣ። ገፈርሳ እንደ ጓደኛችን የቡራዩ ልጅ ነው፤ በ1930ዎቹ ተሠርቶ አዲስ አበባን ውሃ ሲያጠጣ የኖረው ግድብ ማለቴ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ በአምቦ መንገድ ላይ ይገኛል። ሱሉልታ ወደ ኋላ የተኛው ውሃ ሲረዝም ግድቡን የሚገፋው ኃይል የሚጨምር መስሎት ነበር። ቡራዩ ጠመኔውን አነሣና ሦስት ማዕዘን ሣለ። «ውሃው ወደ ኋላ አንድ ኪሎ ሜትር ይሂድ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ግድቡ አያውቅም። ግድቡ የሚያውቀው ጥልቀቱን ነው» አለው። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «ያንተም ንባብ እንደዚሁ ነው» አለ። ሱሉልታ ሳቀ፤ ግን ሳይቆጠቁጠው አልቀረም።

እኔ በሁለቱ መካከል ነበርኩ። ቸካይ አልነበርኩም፤ የቡራዩንም ያህል ብልህ አጥኚ አልነበርኩም። ያዳነኝ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት አንድ ነገር ነው።

ሰበታ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሜታ ቢራ ነው። ለእኔ ግን ሰበታ መርሐ ዕውራን ነው፤ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ። ከየአገሩ የመጡ ልጆች የሚማሩበት ነው። ከዚያ ተምሮ በመደበኛው ሁለተኛ ደረጃ የቀጠለ አንድ ወጣት ከቤታችን አጠገብ ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔ 9ኛ ክፍል፣ እሱ 11ኛ። በብሬል ያላገኘውን መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ እናቴ «ሂድና አንብብለት፣ ምን ሥራ አለህ» ብላ ላከችኝ። እኔም «ጋሼ» እያልኩት ማንበብ ጀመርኩ።

አነባበቡ እንደምታስቡት አልነበረም። አንድ አንቀጽ እንዳነበብኩ እጁን ያነሣል፤ አቁም ማለት ነው። ከዚያ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይነግረኛል። የዘለለው ነገር ካለ እነግረዋለሁ። ሲያበቃ በወፍራሙ ወረቀት ላይ በመውጊያው ጠቅ ጠቅ እያደረገ የሚጽፈው ሙሉ ገጹን አይደለም፤ ሦስት አራት ቃል ነው። መጀመሪያ ጊዜ መቆጠብ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ስመጣ ያችን ወረቀት በጣቱ ዳሰስ ያደርግና የትናንቱን ገጽ ሁሉ ያወርደዋል።

አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረብኝ። «አሁን ደግሞ አንተ መጽሐፉን ዘግተህ ንገረኝ» አለኝ።

«አሁን ያነበብኩትን?»

«አዎ፣ አሁን ያነበብከውን።»

ሁለት ዓረፍተ ነገር ብዬ ቆምኩ። ገጹን ያነበብኩት እኔ፣ የያዘው እሱ። አልሳቀብኝም፤ «እንግዲያው ነገ ከዚህ እንጀምራለን» ብቻ ነው ያለኝ። ከዚያ በኋላ ሳነብለት እየነገረኝ እየነገርኩት ሆነ። እሱ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ሆነ። እኔ ከእሱ የወረስኩት ልማድ እስከ ሬይንፎርስድ ኮንክሪት ፈተና ድረስ አብሮኝ ዘለቀ።

አሁን ሳስበው ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አልነበረም። የቅኔ ተማሪ ቀኑን ጥላ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ቀርቦ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያቀናለታል። የሌላውን ቅኔ ሲሰማ ውሎ ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት በር ስንገባ ግን መንገሩን ውጭ ትተን ሽምደዳውን ይዘን የገባን ይመስለኛል። «የአብነት ትምህርት ሽምደዳ ነው» እያሉ የሚተቹ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው፤ የተውነውን ትተውት የያዝነውን ይሰድቡበታል።

ፈረንጆቹም ይህን መጽሐፍ ዘግቶ መናገር በቤተ ሙከራ አይተውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ወገን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው አንብቦ ሲያበቃ ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የደጋገሙት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳያዩ የጻፉት በለጡ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፦ «ብዙ እናስታውሳለን» ብለው በራሳቸው ይበልጥ የተማመኑት የደጋገሙት ነበሩ። ሱሉልታ ማለት ይህ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ ያነበበውን 2 ሰዓት ላይ ቢፈትኑት ኖሮ አንደኛ ይወጣ ነበር።

የሁለተኛው ሴሚስተር ውጤት ሲመጣ ዋርኒንግ ደረሰው። ለወላጆቹ አልነገራቸውም። አባቱ ድርቆሽና ወተት ሸጠው ነው ያስተማሩት፤ ኅዳር ላይ የሱሉልታ ሜዳ ሣር ሲታጨድ እሱ ራሱ ቅዳሜና እሑድ እየሄደ ያጭድ፣ ይጭን ነበር። የአጨዳው ሰሞንና የሚድ ኤግዛም ሰሞን ደግሞ ሁልጊዜ ይገጣጠማሉ። «ሰነፍ» የሚለው ቃል ለእሱ እንዴት ይሆናል? ከእኛ ሁሉ የበለጠ የለፋው እሱ ነው። አንድ መምህር ግን የፈተና ወረቀቱን ሲመልስለት «አንተ ልጅ መጽሐፍ መግለጥ ልመድ» አለው። በየሌሊቱ መጽሐፍ ሲገልጥ የሚያነጋውን ልጅ!

ያን ጊዜ ነው ቡራዩ «ከዛሬ ጀምሮ አብረን ነው» ያለው። ቦታችን ድሮዊንግ ሩም ሆነ። ትልልቆቹ ጠረጴዛዎች አሉ፣ ሰሌዳ አለ፣ ቲ-ስኩዌር ይዞ የሚያመሽ ሰው ስለማይጠፋ በሩ ክፍት ነው። ደንቡ አጭር ነበር፤ አንድ ሰው ሰሌዳ ላይ ይወጣል፣ መጽሐፍ ይዘጋል፣ የተቀመጡት «ለምን?» ብቻ ነው የሚሉት። ሶሉሽን ማኑዋል ክልክል ነው። የሶሉሽን ነገር የሚገባው የኖረበት ሰው ነው። የሌላ ሰው መልስ መስመር በመስመር ስትከተለው «አዎ፣ አዎ» ያሰኝሃል፤ ወረቀቱን አስቀምጠህ ራስህ ልሥራ ስትል አዎታው ሁሉ ይጠፋል።

ሱሉልታ መጀመሪያ ላይ ተቃጠለ። «ጊዜ እየባከነ ነው፤ በአንድ ጥያቄ አንድ ሰዓት! እኔ በዚህ ሰዓት አንድ ምዕራፍ እጨርስ ነበር» ይላል። ሰሌዳ ላይ ሲወጣ ጠመኔው ይሰበርበታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ፈተና ላይ የሚደርስበት ነገር ሁሉ እዚያው በፊታችን ይደርስበት ጀመር፤ ልዩነቱ እዚህ ማርክ የሚቀንስበት የለም። ቆይቶ እሱ ራሱ ሌላውን «ቆይ፣ ይህን ኃይል ከየት አመጣኸው?» እያለ ማፋጠጥ ጀመረ። ተአምር ግን አልሆነም። ኤ አልደፈነም። ሲው ወደ ቢ ተቀየረ፣ ዋርኒንጉ ተነሣ፣ በሰዓቱ ተመረቀ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍም ረድቶታል፤ ማታ አብረን ስለምንሠራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መነሣቱን ተወ። የትኛው የበለጠ እንዳዳነው ለይቼ ልናገር አልችልም።

ከተመረቅን በኋላ ያነበብኩት አንድ ታሪክ ይህንኑ ጊዜያችንን ነው ያስታወሰኝ። ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኡሪ ትራይስማን የሚባል የሒሳብ ሰው በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች በካልኩለስ ለምን እንደሚወድቁ ለማወቅ ተነሣ። መምህራኑ ቤተሰብ ነው፣ ድህነት ነው፣ ፍላጎት ማጣት ነው የሚል ግምት ነበራቸው። እሱ ግን ተማሪዎቹ ያሉበት ድረስ ሄዶ ሲያጠኑ አየ። ጥቁሮቹ መምህሩ ያላቸውን ሰዓት አክብረው፣ ክፍላቸውን ዘግተው፣ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። በካልኩለስ የሚቀናቸው ቻይናውያን ተማሪዎች ደግሞ ብቻቸውን ከሠሩ በኋላ ማታ ይሰበሰቡና መልስ ያመሳክራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል፣ የድሮ ፈተና አውጥተው ይፈታተናሉ። ትራይስማን ከባድ ጥያቄ በጋራ የሚሠራበት ዎርክሾፕ አቋቋመ፤ የገቡበት ጥቁር ተማሪዎች ውጤትም ተነሣ። ይህን ሳነብ ወዲያው ለቡራዩ ደወልኩለት። «እኛ እኮ ድሮዊንግ ሩም ውስጥ በነጻ ነው የሠራነው» ብሎ ሳቀ።

ድሮዊንግ ሩማችንን ግን ገነት አላደርገውም። ሴት ተማሪዎች ከእኛ ጋር ብዙ አያመሹም ነበር፤ ከድሮዊንግ ሩም እስከ ሴቶች ዶርም ያለው ጨለማ ለእነሱ ሌላ ነገር ነው። ደንቡን ያወጣነው ወንዶች ለወንዶች አድርገን እንደሆነ ያኔ ያሰበ አልነበረም። በ2001 መብራት በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ቤቱ የሚያድረው ቡራዩ ከሁላችንም ይበልጥ ተጎዳ። በሻማ ሰሌዳ አይሠራም። የጥናት ልማድ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲወራ የሚታለፈው ይህ ነው፤ ልማድ ቦታ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ በሰላም ቤት የሚያስገባ መንገድ ይፈልጋል።

ያኔ እኛ ስንገባ የክፍሉ ተማሪ የሚቆጠር ነበር። ከ2001 ጀምሮ ከመቶ 70ው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ተባዙ፤ ወርክሺት አርሞ የሚመልስ መምህር ግን አብሮ አልተባዛም። ያልታረመ ወርክሺት ደግሞ ከመልስ መስጫው ላይ መገልበጥን ያስለምዳል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ተመራቂው ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ፈተናው በቁጥጥር እየተሰጠ ኩረጃ መቀነሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ፈተና መቆጣጠርና ማጥናት ማስተማር ለየቅል ናቸው፤ እኛ እስከ አሁን የበረታነው በመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሰበታ ደርሼ የእህቴን ልጅ አየሁት፤ ሁለተኛ ዓመት ሜካኒካል ነው። ስልኩ በቴሌግራም በወረደ ሀንድአውት፣ በድሮ ፈተናና በሶሉሽን ተሞልቷል። ጥያቄውን ፎቶ አንሥቶ መልሱን ከነአሠራሩ የሚያገኝበት መተግበሪያም አለው። «ጋሼ፣ እናንተ እንዴት ነበር ያለዚህ የተማራችሁት?» አለኝ። ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አንድ ጥያቄና ባዶ ወረቀት ሰጠሁት። ሱሉልታን መሰለኝ፤ የመጀመሪያውን መስመር ፈልጎ ፈልጎ አጣው።

ዛሬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የሚመለሰው፣ የማታ የሚማረው፣ ለመውጫ ፈተና ቤቱ ተቀምጦ የሚዘጋጀው ተማሪ ቁጥሩ እኛ ከነበርንበት ጊዜ ጋር አይወዳደርም። የየትምህርት ቤቱ ክፍል ግን ከ11 ሰዓት በኋላ ይቆለፋል። ሦስቱም በየሰፈሩ አንድ አንድ ክፍል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ቢያደርጉ፣ መብራትና ሰሌዳ፣ ሴት ልጆች ተማምነውት የሚያመሹበት ጥበቃ ቢኖር፣ በሳምንት አንድ ማታ ደግሞ እንደ እኛ ያለ መሐንዲስ ገብቶ «ለምን?» ቢል፣ ወጪው ከአንድ አጥር ግንባታ አይበልጥም። የሰበታውን ክፍል የሚከፍት ከተገኘ እኔ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ፤ ቡራዩንና ሱሉልታንም ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል።